ውኃ ይሉኝታ የለውም

በ2000 ዓ.ም. ክረምት አሥር ዓመቴ ነበር። ፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንደ ልማዱ ገጠር፣ አጎቴ ዘንድ ተላክሁ። የአጎቴ ቀበሌ ወደ ብር ወንዝ ከሚገቡት ወንዞች የአንዱ ማዶ ላይ ነው። በበጋ ሱሪን ሰብሰብ አድርገው የሚሻገሩት፣ በሐምሌ ግን በሬ የሚወስድ ወንዝ ነው። ያኔ ድልድይ አልነበረውም። ገበያው፣ ወፍጮው፣ ጤና ጣቢያው ከወዲህ፤ ሰዉ ከወዲያ። በየክረምቱ ዋናተኛ እየተከፈለው ሰውና እህል ያሻግራል፤ በየክረምቱም ውኃው አንድ ሁለት ሰው ይወስዳል።

በዚያ ዓመት ነዋሪው መዋጮ አዋጥቶ ታንኳ ሊያሠራ ተነሣ። ታንኳ ስላችሁ ጣና ላይ የምታውቁት የደንገል ታንኳ እንዳይመስላችሁ። ስድስት ባዶ የነዳጅ በርሜል፣ ዙሪያውን የብረት ፍሬም፣ በላዩ የባሕር ዛፍ አጣና። ከዳር እስከ ዳር በተወጠረ ገመድ እየተሳበ የሚሻገር ነገር። ሠሪው ከፍኖተ ሰላም የመጣ ወጣት በያጅ ነበር። ሰዉ «ኢንጂነሩ» ይለዋል፤ ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ በቀልድ። እኔ ሽቦና ፒንሳ እያቀበልኩ ከሥሩ አልጠፋም ነበር። ያን ሰሞን «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ብትሉኝ መልሴ የታወቀ ነው።

ምረቃው ለሐምሌ ገብርኤል ተቆረጠ። ዋዜማውን ማታ በያጁ አጎቴ ቤት መጣ። አጎቴ የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። ጠላ ቀረበለት። እኔ መደብ ላይ ጋቢ ተከናንቤ የተኛሁ መስዬ አዳምጣለሁ።

«ጋሼ፣ ሁለቱ በርሜሎች ከሥር ዝገዋል። ቀለም ደርቤባቸዋለሁ። ግን ቅያሪ ቢመጣ ነበር ጥሩው።»

«ቅያሪው መቼ ይመጣል?»

«የሚቀጥለው ቅዳሜ።»

አጎቴ ትንሽ ዝም አለ። «ሊቀመንበሩ ተነግሯቸዋል። ቄሱም ጠበል ይዘው ይመጣሉ። አሁን ብንቀር ሰው ምን ይለናል?»

«እሱስ ልክ ነዎት» አለ በያጁ። ጠላውን ጠጣ፣ አመሰገነ፣ ወጣ።

በማግስቱ ጠበል ተረጨ፣ ተመረቀ፣ እልል ተባለ። በያጁ ሲሠራ «ስድስት ሰው» ብሎ ነበር፤ እኔም ሰምቻለሁ፣ ኮሚቴውም ሰምቷል። ግን የመጀመሪያው ቀን ነው። የመጀመሪያው ተሻጋሪ መሆን የማይፈልግ ማን አለ? ሽማግሌዎቹ ወጡ፣ የተከበሩ እናቶች ወጡ፣ ለገበያ ቅቤ የያዙ ወጡ። ማንን ውረድ ይባላል? ገመዱ መሳብ ሲጀምር የአጎቴ እረኛ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ዘሎ ከኋላ ተንጠላጠለ። አሥራ አራት ሰው ሆኑ።

መጀመሪያ ላይ በጣም ያምር ነበር። ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው ይባላል፤ ያን ቀን ቃል በቃል አየሁት። ወንዙን እስኪያጋምሱ ሰዉ ይስቃል፣ ከዳር የቆመው ያጨበጭባል። ከዚያ አንደኛው ጎን ቀስ ብሎ ዘቀጠ። ሰዉ ደንግጦ ወደ ሌላው ጎን ሲሮጥ ሁሉም ነገር ተገለበጠ። አሥራ ሦስቱ በገመዱና በዋናተኞቹ ወጡ። እረኛው የተገኘው በሦስተኛው ቀን፣ ከታች፣ ወንዙ ሲታጠፍ ካለው ጥሻ ውስጥ ነው።

በያጁ ታሰረ። ሲፈታም ስሙ ቀድሞት ነበርና ፍኖተ ሰላም ውስጥ በር የሚያሠራው ጠፋ። «ሰው የገደለው በያጅ» ተባለ። በዝገት የተበላ በርሜል ቀለም ቀብቶ እንደሠራ በምርመራ ተረጋገጠ። እውነት ነው፣ ቀብቷል። ዋዜማውን ማታ ስለተባለው ግን የተናገረ የለም። የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነበርን።

* * *

ምህንድስና ስማር የተንሳፋፊ አካላት ሚዛን የሚባል ምዕራፍ ላይ ደረስንና ያቺን ታንኳ በደብተሬ ጀርባ አሰላኋት። አንድ በርሜል 200 ሊትር ይይዛል፤ የራሱን ክብደት ቀንሰን 180 ኪሎ ያህል ይሸከማል እንበል። ስድስቱ 1,080 ኪሎ። ብረቱና አጣናው 250 ቢመዝን 830 ይቀራል። አንድን ሰው 55 ኪሎ ብንለው ለአሥራ አምስት ሰው ይበቃል፤ ያውም በወረቀት ላይ፣ ውኃው አፋፍ ደርሶ፣ ሁሉም ሳይነቃነቅ ከተቀመጠ። ሁለት በርሜል ውኃ ሲገባበትስ? 720 ሲቀነስ 250፣ 470 ኪሎ፣ ስምንት ሰው። ሁለቱ በአንድ ጎን ከሆኑ ደግሞ ስምንትም አይችልም። የበያጁ «ስድስት» የሚለው ቁጥር በግምት የመጣ ይመስለኝ ነበር። ልክ ነበር። ያኛው ሰውዬ፣ ስምንተኛ ክፍል ያልጨረሰው፣ ልክ ነበር።

ከዚያ በኋላ መርከብ ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ ላይ ስትወርድ ስለሚደርስ አደጋ ማንበብ ልማድ ሆነብኝ። ባሕር በሌለው አገር ይህን የሚያነብ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። የገባኝ ነገር ይህ ነው፤ መርከብ በዕድሜዋ ሙሉ ከሁሉ በላይ የምትደክመው ያን ቀን ነው። ከተንሸራታቹ መንገድ ላይ በኋላዋ ወደ ውኃ ስትገባ ኋላዋ መንሳፈፍ ይጀምራል፣ ፊቷ ግን ገና ደረቁን መሬት ተደግፏል። የመሬትም አይደለችም፣ የውኃም አይደለችም። በዚያ ላይ ባዶ ናት። ከታች የሚያረጋት ጭነት ገና አልገባም፤ ከላይ ግን ፎቁ ተሠርቷል። የታች ቀሊል፣ የላይ ከባድ። እንዲህ ሆና ሳለች ነው እንግዲህ ሙዚቀኛ የሚጠራው፣ ባንዲራ የሚሰቀለው፣ ሰው የሚወጣባት።

በ1883 እ.ኤ.አ. ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ግላስጎው ውስጥ ዳፍኒ የምትባል መርከብ ወደ ክላይድ ወንዝ ስትወርድ ሁለት መቶ ያህል ሠራተኞች ላይዋ ነበሩ። ወዲያው ሥራቸውን እንዲቀጥሉ ተፈልጎ ነው። ዕቃው አልታሰረም፣ መርከቧ ሚዛን አልነበራትም፤ በደቂቃዎች ውስጥ በጎኗ ተኛች። 124 ሰው ሞተ። በ1907 ጣልያን ውስጥ ፕሪንቺፔሳ ዮላንዳ የምትባል የመንገደኛ መርከብ ምንጣፏና መስተዋቷ ሳይቀር ተሟልቶ፣ ከሥር ግን ድንጋይ ከሰልና ማረጊያ ክብደት ሳይገባባት ወረደች። በተጋባዥ እንግዶች ፊት ዘንበል ብላ ሰጠመች። ግሬት ኢስተርን የተባለችው ግዙፍ መርከብ በ1857 ለንደን ላይ ልትወርድ ስትል፣ ኢንጂነሩ ብሩኔል ሥራው በጸጥታ እንዲሆን ፈልጎ ነበር፤ ኩባንያው ግን ትኬት ሽጦ ሕዝቡን ጠራ። በዚያ ሁካታ መሐል ዊንቹ አፈትልኮ ሰው ገደለ፤ መርከቧ ትንሽ ተንቀሳቅሳ ቆመች። ውኃ ላይ የተንሳፈፈችው ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ነው።

ሦስቱንም ደርድራችሁ ስታዩአቸው ችግሩ የብረትና የእንጨት ብቻ አይደለም። ቀን ተቆርጧል። እንግዳ ተጠርቷል። የሚያውቅ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አለ።

* * *

የሚያውቅ ሰው መኖሩ በጣም ጎልቶ የሚታየው በስዊድኗ ቫሳ ላይ ነው። ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ ለጦርነት ፈልጓታል፤ እሱ ራሱ ባሕር ማዶ እየተዋጋ «አፍጥኑ» የሚል ደብዳቤ ይልካል። መድፉ በሁለት ደርብ ተጭኗል። ዋናው ሠሪ መርከቧ ሳታልቅ ሞቷል። ከጉዞው በፊት ሚዛኗን ለመፈተን ሠላሳ ሰዎች ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እንዲሮጡ ተደረገ። ሦስት ጊዜ ሲመላለሱ መርከቧ ልትገለበጥ ሆነች። አድሚራሉ ምን አደረገ? ፈተናውን አስቆመ። መርከቧን ግን አላስቆመም። እሑድ ነሐሴ 10 ቀን 1628 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም ሕዝብ ፊት ተነሥታ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል እንኳ ሳትጓዝ ነፋስ አጋደላት፣ በክፍት የመድፍ መስኮቶቿ ውኃ ገባ፣ ሰጠመች።

ምርመራ ተደረገ። ካፒቴኑ ታስሮ ተጠየቀ፤ ሠሪዎቹ ተጠየቁ። ሠሪው ልኬቱን ንጉሡ ራሳቸው ያጸደቁት ነው አለ። መጨረሻ ላይ ጥፋቱ የማን ነው ሲባል መልሱ እግዜር ይወቀው ከሚለው አላለፈም። የተቀጣ ሰው የለም።

ከዚህ ተቃራኒውን ደግሞ በቅርቡ አየን። በግንቦት 2017፣ ሰሜን ኮሪያ ውስጥ ቾንግጂን ወደብ ላይ አምስት ሺህ ቶን የሚመዝን የጦር መርከብ በመሪው ፊት በጎኑ ሲወርድ ኋላው ቀድሞ ተንሸራተተ፣ ፊቱ መሬት ላይ ቀረ፣ መርከቡ ተጋደመ። መሪው ወንጀል ነው አሉ፤ በቀናት ውስጥ ዋናውን ኢንጂነር ጨምሮ የመርከብ ሠሪው ድርጅት ሰዎች ተያዙ። መርከቡ በሚቀጥለው ወር ተጠግኖ እንደገና ተመረቀ።

ስዊድን «ማንም አይደለም» አለች። ሰሜን ኮሪያ «እነዚህ ናቸው» አለች። የእኛ ቀበሌ በያጁ ነው አለ። ሦስቱም መልሶች የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ ሦስቱም ለሚቀጥለው መርከብ ምንም አያስተምሩም። በተለይ የሁለተኛው ዓይነት። ከዚያ በኋላ የትኛው ኢንጂነር ነው ስጋት አለኝ ብሎ የሚናገር?

* * *

«ይህ የፈረንጅ ታሪክ ነው፣ እኛ ከመርከብ ጋር ምን አገናኘን?» የሚለኝ ይኖራል። ዓባይ የሚከበው ጎጃም ተወልዶ እንዲህ ማለት አይቻልም። ከብርም፣ ከተምጫም፣ ከፈጣምም የሚወርደው ሁሉ እዚያ ነው የሚገባው። በ1890ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር ማክሚላን የሚባል አሜሪካዊ ዓባይን ቁልቁል በጀልባ ልሂድበት ብሎ፣ ለዚሁ የተሠሩ ጀልባዎች አምጥቶ ውኃ ላይ አወረደ። ጀልባዎቹ ከወረዱ ብዙም ሳይቆዩ ተሰባበሩ። ከሱዳን በኩል ሽቅብ የመጣው ኖርዌጂያዊ ባልደረባውም ጅረቱ አግዶት ቆመ። ወንዙ ከጣና እስከ ሱዳን ድንበር አካባቢ በሙሉ በጀልባ የተሄደው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያውም በጃንሆይ ፈቃድ፣ በብሪታንያና በኢትዮጵያ ወታደሮችና ተመራማሪዎች ጥምር ቡድን፣ በከፊል በጎማ ጀልባ፣ የሰው ሕይወት ተገብሮበት።

የሚገርመው፣ ማክሚላን ጀልባውን ባወረደበት ዘመን የጎጃምና የወለጋ ነጋዴ ያንኑ ዓባይ በየበጋው ይሻገረው ነበር። በምን? በጀንዲ። ለመኝታ በሚነጠፍ የበሬ ቆዳ። ጨውን፣ ቡናውን፣ ልብሱን ቆዳው ውስጥ ያኖርና አፉን ሰብስቦ ያስረዋል፤ ከዚያ እየዋኘ ይገፋዋል። ያ ነጋዴ ከአሜሪካዊው የሚበልጥ እውቀት ስለነበረው ብቻ አይደለም የተሻገረው። ውኃው መቼ እንደሚጎድል፣ የትኛው መልካ እንደሚያሻግር የነገረው ሰው ነበረ፤ ነጋሪው ደግሞ ራሱም የሚሻገር ነው። ለመሻገሪያውም ቀን የቆረጠ ሹም፣ የተጠራ እንግዳ አልነበረም። ወንዙ ሞልቶ ከሆነ ዳር ላይ ያድራል። ማንም አያፍርም።

የጣናው ታንኳም እንዲሁ ነው። ወይጦዎቹ ደንገሉን ያስሩታል፣ ውኃ ላይ ይጥሉታል፣ ያው ተመረቀ። ውኃ እየጠጣ ሲከብድ ያወጡታል፣ ያደርቁታል። ሲያረጅ ሌላ ይሠራሉ። ጉድለቱ የሚታወቀው እዚያው ዳር ላይ፣ ውኃው ጉልበት ሳያልፍ ነው። እኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች «ትንንሽ አድርጋችሁ ልቀቁ» የሚለውን ትምህርት በብዙ መጽሐፍ አንብበን ነው የደረስንበት። ጣና ዳር ያለ ሰው ሲሠራበት ኖሯል። ጣና ነሽ 2 የተባለችውን መርከብ ከጂቡቲ ወደብ እስከ ባሕር ዳር በተሽከርካሪ ለወራት ሲያጓጉዟት ያየ ሰው ግን ሁሉን ነገር በታንኳ መንገድ መሥራት እንደማይቻል ይረዳል። ትልልቅ ነገሮች ያስፈልጉናል። ትልልቅ ነገሮች ደግሞ ቀን ይቆረጥላቸዋል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

* * *

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ፣ ምክንያቱም እስከ አሁን የጻፍኩት የሌላ ሰው ጥፋት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ እሠራበት የነበረ ድርጅት ለገበሬ ማኅበራት የክፍያ ሲስተም ሠራ። ገበሬው ለማዳበሪያ የሚከፍለውን በስልክ እንዲከፍል ነው። ማስጀመሪያው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ በሰኔ፣ ባለሥልጣናት በተገኙበት ተያዘ። እኔ ከሳምንት በፊት ሎድ ቴስት ሠርቼ ነበር። ሲስተሙ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲገባበት ይዘገያል፤ ሲዘገይ ደግሞ ጥያቄውን ደግሞ ይልካል። ይኼ ማለት አንዱን ክፍያ ሁለት ጊዜ ሊቆርጥ ይችላል ማለት ነው። ውጤቱን በዓይኔ አይቻለሁ። በቡድናችን ቴሌግራም ላይ የጻፍኩት ይህን ነው፤ «ስለ ሎዱ ትንሽ ስጋት አለኝ፣ ግን ማኔጅ ይደረጋል ብዬ አስባለሁ።» ሥራ አስኪያጁ አውራ ጣት ላከልኝ። ደስ አለኝ። ተናገርኩ አይደል?

በማስጀመሪያው ማለዳ አንዲት ጀማሪ ባልደረባችን በተሰጣት ትእዛዝ መሠረት ዲፕሎይ አደረገች። አዳራሹ ውስጥ ተጨበጨበ። አራት ሰዓት ላይ ስልክ መደወል ጀመረ። ሁለት ጊዜ የተቆረጠበት አለ፣ የተቆረጠበትና «አልከፈልክም» ተብሎ ማዳበሪያ የተከለከለ አለ። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ የሦስት ቀን ችግር ነው፤ ተስተካከለ፣ ገንዘቡም ተመለሰ። ለምዕራብ ጎጃም በቆሎ ግን በሰኔ ሦስት ቀን ምን ማለት እንደሆነ እኔ ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብኝ። በፖስት ሞርተሙ ስብሰባ ላይ «አስቀድሞ ያወቀ ሰው ነበር?» ተባለ። ጠረጴዛውን አየሁ። ጥፋቱ «በዲፕሎይመንት ወቅት የተፈጠረ ስህተት» ተብሎ ተጻፈ። ልጅቷ በወሩ ለቀቀች።

ያን ዕለት ማታ ትዝ ያለኝ የአጎቴ መደብ ነው። «ቅያሪ ቢመጣ ነበር ጥሩው።» «ትንሽ ስጋት አለኝ።» ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች አንድ ናቸው። እውነቱን ተናግረዋል፤ ግን እንዳይሰማ አድርገው። እኛ ነገርን ሸፍኖ መናገር እናውቅበታለን፤ ሰሙን አቅርበን ወርቁን ሰሚው እንዲያወጣው እንተውለታለን። ለቅኔ ድንቅ ነው። ለበርሜል ግን አይሆንም።

* * *

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። አደጋ ሲደርስ ኃላፊው ስህተቱን የሠራው ነው? ወይስ አውቆ ዝም ያለው?

ለዝምታው የሚቀርቡ መከራከሪያዎች አሉ፤ ቀላልም አይደሉም። አንደኛው ይሉኝታ በጎ ነገር ነው የሚለው ነው። እስማማለሁ። ይሉኝታ ባይኖር ለሽማግሌ ወንበር የሚለቅ፣ ለጎረቤት ለቅሶ የሚደርስ፣ የተበደረውን የሚመልስ አይኖርም ነበር። ግን ይሉኝታ የሚጠይቀው «ሰው ምን ይለኛል?» ብሎ ነው። የትኛው ሰው? አጎቴ በዚያ ማታ የቆጠረው ቄሱንና ሊቀመንበሩን ነበር፣ በማግስቱ ፊታቸውን ስለሚያይ። ታንኳው ላይ የሚወጡት አሥራ አራቱም ሰዎች ናቸው። እረኛውም ሰው ነበር። እኔም የቆጠርኩት ሥራ አስኪያጁን እንጂ ማዳበሪያ ሊወስድ ከሌሊቱ የተነሣውን ገበሬ አይደለም። የይሉኝታችን ጉድለት መብዛቱ ሳይሆን ማነሱ ነው፤ ፊት ለፊታችን ካለው ሰው አያልፍም።

ሁለተኛው መከራከሪያ ይከብዳል። መዘግየትም ይገድላል። በዚያ ሳምንት ታንኳው ቢቀር ዋና የማይችል ሰው በዚያው ወንዝ ይሻገር ነበር፤ ምናልባት ሌላ ሰው ይወሰድ ነበር። ስጋት ያለበት ሁሉ ሥራ ቢያስቆም ምንም ነገር ውኃ አይነካም። እውነት ነው። ግን ምርጫው መቼ መጀመርና መቅረት ሆነ? ታንኳው በሐምሌ ገብርኤል ሊጀምር ይችል ነበር፤ በስድስት ሰው፣ ካስፈለገም በአራት። የእኛ ሲስተም በዚያው ቀን በአንድ ወረዳ ብቻ ሊጀምር ይችል ነበር። የጎደለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ከስድስት በላይ ከወጣ ሰው ይሞታል።» ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው።

ስለዚህ «ማን ተሳሳተ?» ከሚለው ይልቅ «እውነቱ የት ላይ ደርሶ ቆመ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል ባይ ነኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? እውነቱ ከሚያውቀው እጅ ተነሥቶ ወደሚወስነው አፍ ሲሄድ አንድ ሰው ላይ ይቆማል። የዚያ ሰው ኃላፊነት የሚለካው ደግሞ እውነቱን ማሳለፍ ምን ያህል ያስከፍለው እንደነበር በማየት ነው። ብዙ የሚያስከፍለው ሰው ትንሽ ይወቀሳል፤ ትንሽ የሚያስከፍለው ብዙ።

በዚህ ሚዛን በያጁን እንየው። ድሃ ነው፣ ለቀበሌው እንግዳ ነው፣ ግማሽ ክፍያው ገና ነው። እንዲያም ሆኖ በሌሊት መጥቶ አንድ እርምጃ አሳልፎታል። ጮክ ብሎ አልተናገረም፤ ጥፋቱ ይህ ነው፣ ቀላልም አይደለም። አጎቴን ያስከፍለው የነበረው የአንድ ቀን ሐፍረት ነበር። እኔን ያስከፍለኝ የነበረው ደግሞ አንድ የማይመች ስብሰባ። ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ግን እውነት መናገርን ውድ ያደረገው ነው፤ ቀን ቆርጦ ቀኑ እንዳይነካ ያደረገ፣ ስጋት ያመጣን ሰው «አፍራሽ» የሚል፣ ለማስጠንቀቂያ አውራ ጣት የሚልክ። አድሚራሉ ፈተናውን ሲያስቆም የሠላሳውንም ሰዎች አፍ አብሮ ዘጋ።

ይህን ለአጎቴ አንድ በዓል ላይ አወራሁት። አልተቆጣም። ብዙ ቆይቶ «ልጄ፣ ነግሮኝ ነበር» አለኝ። «ግን የነገረኝ ዝገዋል ብሎ ነው እንጂ ይሞታሉ ብሎ አይደለም።» ቀጥሎ ደግሞ፣ ሳልጠይቀው፣ «ዝገት ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር ልልህ አልችልም» አለ። እረኛው ከሞተ ወዲህ ሌላ እረኛ ቀጥሮ አያውቅም። ከብቶቹን ራሱ ነው የሚያግደው።

* * *

የራሴ ሒሳብ ይቀራል። የአሥር ዓመት ልጅ በትልልቅ ሰዎች ነገር ምን ያገባዋል? ያኔ ብናገር አጎቴን ማሳጣት ነበር፤ በእኔ ሚዛን ዋጋው ለአንድ ልጅ የማይቻል ነው። ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሞላኝ፤ ሃያም ሞላኝ። ዲግሪዬን ያዝኩ፣ ያንን «ስድስት» አሰላሁ፣ ልክ መሆኑን አወቅሁ። ሰውዬው ግን አሁንም «ሰው የገደለው» ነው። በየዓመቱ እውነቱን ለመናገር የሚያስፈልገኝ ዋጋ እየቀነሰ፣ ጥፋቴ እየጨመረ ሄደ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል።

መንገዱ በተከፈተ ሰሞን ቡሬ ሄድኩ። በያጁ እዚያ ወርክሾፕ አለው፤ በርና መስኮት ይሠራል፣ ሁለት ልጆች ቀጥሯል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየኝ፣ አላወቀኝም። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግረው ተቀመጥ አለኝ። ቡና ታዘዘ። የዚያን ማታ መደቡ ላይ ነቅቼ እንደነበር፣ ሁሉንም እንደሰማሁ፣ ስድስት ማለቱ በስሌትም ልክ እንደነበር ነገርኩት። በስሌት የሚለውን ስናገር ራሴን ታዘብኩት።

ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እኔ እኮ» አለ፣ «ያን ነገር በርግጥ መናገሬን ራሴን እጠራጠር ነበር። ሰው ሁሉ አልተናገርክም ሲለኝ፣ ምናልባት በልቤ ብቻ ብዬው ይሆናል እል ነበር።»

«ብለኸዋል ጋሼ። ሰምቻለሁ።»

ቡናውን አነሣና መልሶ አስቀመጠው።

«ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?»

መልስ አልነበረኝም። እሱም አልጠበቀም፤ መነጽሩን አውርዶ ወደ ሥራው ተመለሰ። አዲስ አበባ ስገባ ስልኬን አውጥቼ ለዚያች ለለቀቀችው ባልደረባዬ ረጅም መልእክት ጻፍኩ፤ ከዚያም ለቀድሞ ሥራ አስኪያጃችን። «ትንሽ» የሚለውን ቃል ከሁለቱም ላይ ሰረዝኩት።